ከመስቀል የሚያልፍ የጥናት ፕሮግራም

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ያወጣሁት የጥናት ፕሮግራም በጣም ያምር ነበር። በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በአራት ቀለም እስክሪብቶ ተጽፎ ከአልጋዬ ራስጌ ተለጠፈ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት፤ እስኪነጋ ሒሳብ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ፊዚክስ፤ ከራት በፊት ኬሚስትሪ፤ ከራት በኋላ እስከ 5 ሰዓት ባዮሎጂና እንግሊዝኛ። እሑድም ዕረፍት የለም። መስከረም 3 ቀን ተጀመረ። መስከረም 7 እንቅልፍ ጣለኝ። በማግስቱ ያመለጠኝን ላካክስ ብዬ የሁለት ቀን ሥራ ደራረብኩ፤ እሱም አልሆነም። ደመራ ሲደርስ እናቴ ለበዓሉ ቤቱን እያጸዳች ወረቀቱን አየችና «ይሄ ይነሣ ወይስ የሚሠራ ነው?» አለችኝ። ይነሣ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት የዚያን ወረቀት ወንድምና እህት ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዱ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ከቴሌግራም የወረደ። የሚወድቁት ግን በአንድ ምክንያት ነው፦ የተጻፉት ለሌለ ሰው ነው። የማይደክመው፣ የማይርበው፣ «እስቲ ሱቅ ድረስ» የማይባል፣ መብራት የማይጠፋበት፣ ስልክ የሌለው ሰው ቢገኝ ፕሮግራሙ ሸጋ ነው። እናንተ ግን ያ ሰው አይደላችሁም። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ሜትሩን አውጥቶ ይለካል። እኛ ሳንለካ እንቆርጥና ሲጠበን ገላችንን እንወቅሳለን፤ «ሰነፍ ነኝ» እንላለን።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለምትዘጋጁ ነው። ቀን እየሠራ ማታ የሚማር ሰውም ልኩን ቀይሮ ሊጠቀምበት ይችላል።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ ወዲህ ያለውን ውጤት ታውቁታላችሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩበት ዓመት አለ። መጽሐፍ ያልደረሰውን፣ መምህር ያልተመደበለትን፣ በጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበትን ልጅ «ልማድህን አስተካክል» ማለት ስድብ ነው። ስለዚህ ልማድ ሁሉን ይፈታል አልልም። የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ ግን እናንተ አትሠሩትም፤ ከምሳ በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት በእጃችሁ ናት። የምናወራው ስለሷ ነው።

ሦስት ቀን ራሳችሁን ሰልሉ

ፕሮግራም ለማውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሦስት ቀን፣ ሁለት የትምህርት ቀንና አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ጊዜያችሁ የት እንደሚሄድ ብቻ ጻፉ። ምንም አታሻሽሉ፤ ጎበዝ ለመምሰልም አትሞክሩ። የደብተር የመጨረሻ ገጽ ይበቃል። በጠዋት ፈረቃ የምትማር አንዲት ተማሪዬ የጻፈችው ይኸውና፦

«6፡20 ወጣን። 7፡10 ቤት። ምሳ። 7፡40 ዕቃ አጠብኩ። 8፡00 ላጠና ቁጭ አልኩ፣ ስልክ። 8፡50 ፊዚክስ ከፈትኩ። 9፡15 እማዬ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። 10፡30 ተመለስኩ፣ ደክሞኝ ተኛሁ። 11፡45 ቡና። 1፡00 ራት ሥራ። 2፡30 ራት። 3፡00 ድራማ። 3፡40 ፊዚክስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። 4፡10 ተኛሁ።»

ይህች ልጅ ያን ቀን ብትጠየቅ «ሳጠና ዋልኩ» ትል ነበር። መዋሸቷም አይደለም፤ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ሲከፈትና ሲዘጋ ውሏል። ስንደምረው ግን ከመጽሐፉ ጋር የቆየችው 55 ደቂቃ ነው፤ ከዚያም ውስጥ 30ው ደቂቃ በእንቅልፍ የተሞላ። ወረቀቱ ሌላም ነገር አሳየን፦ ከምሳ ዕቃ እስከ ወፍጮ ቤት ድረስ ማንም አይፈልጋትም። ከ8 እስከ 9 ሰዓት የራሷ ነው። ከራት በኋላ ያለው ግን ለሷ አይሆንም፤ ወርቅ ቢነጠፍበትም አይሆንም።

ከሦስቱ ቀናት ሁለት ነገር ፈልጉ። በየቀኑ ማለት ይቻላል ማንም የማይነካው ክፍተት የት አለ? ጭንቅላታችሁ ንቁ የሚሆነውስ መቼ ነው? አንዳንዱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ እንደ ንብ ይሠራል፤ ሌላው በዚያ ሰዓት ቢነሣ መጽሐፉን ትራስ ያደርገዋል። የጎረቤት ልጅ ሌሊት እያጠና ዩኒቨርሲቲ ገባ ተብሎ የእናንተ ሰውነት አይለወጥም።

ሰዓቱን በነገር እሰሩት

«በየቀኑ ሁለት ሰዓት አጠናለሁ» ምኞት ነው። መቼ? የት? ምን ካደረግሁ በኋላ? እነዚህ ካልተመለሱ ቀኑ በሙሉ «ትንሽ ቆይቼ» እየተባለ ይመሻል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ግኝቱ በአጭሩ፦ «ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ» ብሎ መቼውንና የቱን አስቀድሞ የወሰነ ሰው፣ ዝም ብሎ ካቀደው ይልቅ ያሰበውን ይፈጽማል።

እንግዲህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «የምሳ ዕቃ አጥቤ እጄን እንዳደረቅሁ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ የባዮሎጂ ደብተሬን እከፍታለሁ።» በሰዓት ብቻ ከታሰረ የታክሲ ሰልፍ ያፈርሰዋል፤ ዕቃ ማጠብ ግን በየቀኑ አለ። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን «ከቅዳሴ መልስ»፣ «ከዐስር ሶላት በኋላ» ብለው ሲቀጣጠሩ የእጅ ሰዓት አላስፈለጋቸውም፤ ቀጠሮውም አይዛነፍም ነበር። የመግሪብ ሶላታችሁ በየቀኑ ካለ፣ ጥናታችሁን ከሱ ጀርባ አስከትሉት።

ስንት ደቂቃ? በመጀመሪያው ሳምንት 25 ደቂቃ፣ በቀን አንድ ጊዜ። አዎ፣ ይኸው ነው። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት እየለካ ያጠና ነበር፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው የ25 ደቂቃ ጥናት ከዚያ የመጣ ነው። ቁጥሩ ምትሃት የለውም። ጥቅሙ ሰው እንዳይፈራው አጭር መሆኑ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ 40 ደቂቃ አሳድጉት፤ በሦስተኛው በቀን ሁለት ጊዜ አድርጉት፤ በመካከሉ 10 ደቂቃ ተነሥታችሁ ውሃ ጠጡ። ስለ እንቁላሉና ስለ እግሩ ተረት አልጠቅስም፤ ሁላችሁም ሰልችቷችኋል።

«ትንሽ ነው» ካላችሁ ሒሳቡን እንሥራ። በቀን ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ 8 ሰዓት ይሆናል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ወደ 37 ሳምንት ስላለ ጠቅላላው 300 ሰዓት ገደማ ነው። የኔ ባለ አራት ቀለም ፕሮግራም በቀን ሰባት ሰዓት ይል ነበር፤ የተጠናው የአራት ቀን ነው።

አሁን ሠንጠረዡን ሥሩ። በሳምንት 12 ጊዜ አላችሁ፤ የሚፈተኑት ትምህርቶች ስድስት ናቸው። ለተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ፤ ለማኅበራዊ ሳይንስ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ፈንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። ከዚያ ከምትወዱት ትምህርት አንዱን ጊዜ ቀንሱና ለምትሸሹት ስጡ፤ የምትሸሹትንም ንቁ በምትሆኑበት ሰዓት አስቀምጡ። ሰው ሳይታወቀው የሚወደውን ደጋግሞ ያጠናል፤ የሚችለውን መሥራት ደስ ይላላ።

በሠንጠረዡ ውስጥ «ፊዚክስ» ብላችሁ አትጻፉ። «ፊዚክስ ምዕራፍ 3፣ ጥያቄ 1 እስከ 8» ብላችሁ ጻፉ። ለአንድ ምዕራፍ ሦስት ቀን ይበቃኛል ካላችሁ ደግሞ አምስት ያዙለት። በካናዳ ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መቼ እንደሚጨርሱ የተጠየቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ገደማ ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው። ሥራን አሳንሶ መገመት የሁላችንም በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም አስቀድሞ ጊዜ መጨመር ብቻ ነው።

ሰባተኛው ቀን ባዶ ይሁን። በሳምንቱ ያመለጠ ካለ የሚከፈልበት የዕዳ ቀን ነው፤ ዕዳ ከሌለ የናንተ ነው፤ ኳስም ብትጫወቱበት ማንም አይጠይቃችሁ። ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ረመዳንንና ዒድን አስቀድማችሁ ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉ። በጥምቀት ዋዜማ ኬሚስትሪ አጠናለሁ የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው። የረመዳን ተማሪም ሰዓቱን ወደ ሱሑር አካባቢ ቢያዞር ከሰዓት በኋላ ከረሃብ ጋር ሲታገል ከመዋል ይሻለዋል።

መጽሐፉን ዝጉት

እስካሁን ያልኩት እንድትቀመጡ ነው። ከተቀመጣችሁ በኋላ የሚሆነው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ብዙ ልጅም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል፣ ይቸክላል፣ ፈተናው ላይ ግን ባዶ ይሆናል። ከዚያ «ጭንቅላቴ አይዝም» ይላል።

ብዙዎቻችን ማጥናት የምንለው ማንበብን ነው። አንብበን ስንጨርስ ደግመን እናነባለን፤ ማቅለሚያ ካለን እናቀልማለን፤ ሾርት ኖት እናወጣለን ብለን መጽሐፉን ወደ ደብተር እንገለብጣለን። ሁለተኛ ስናነበው ይቀልለናል፤ መቅለሉን እንደ ማወቅ እንቆጥረዋለን። በመንገድ የምታውቁትን ፊት አይታችሁ ስሙ ጠፍቶባችሁ አያውቅም? ፊቱን መለየት ሌላ፣ ስሙን መጥራት ሌላ። ፈተና የሚጠይቀው ስሙን ነው።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን ትቶ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። የሚገርመው፣ ደጋግመው ያነበቡት ብዙ እንደሚያስታውሱ እርግጠኞች ነበሩ። ፈተና ክፍል ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ቆማችሁ ስታነቡ ሁሉም ነገር ግልጽ የሚመስላችሁም ለዚህ ነው።

የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ከላቦራቶሪው አስቀድሞ ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና የሚጀምረው ልጅ የየኔታን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይቀመጥም። ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ከቅጥር ጥግ፣ ሸማውን ተከናንቦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ ሄዶ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ሲበላሽ ተመልሶ ይቆጥራል። ማስታወሻ የለውም፣ መጽሐፍ አይገልጥም፤ ያለው ከጭንቅላቱ የሚያወጣው ነው። ስለ ቆሎ ትምህርት ቤት ሲወራ ሽምደዳው ብቻ ይነሣል፤ ይህ የቆጠራና የነገራ ሥርዓት ግን ዛሬም የምቀናበት ነው።

እናንተ እንዲህ አድርጉት። የባዮሎጂን የፎቶሲንተሲስ ክፍል ለ15 ደቂቃ አንብቡ። መጽሐፉን ዝጉና ባዶ ወረቀት አውጡ። የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ፤ ሥዕሉን ሣሉ፤ ቃሉ ከጠፋችሁ ቦታውን ክፍት ተዉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ያሳፍራሉ። ምንም የለም ብላችሁ መጽሐፉን ልትገልጡ እጃችሁ ይሄዳል፤ ያዙት። ቀስ ብሎ ይመጣል፦ ክሎሮፕላስት፣ የብርሃን ክፍሉ በታይላኮይድ፣ የካልቪን ዑደት በስትሮማ፤ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ፣ የሚወጣው ስኳርና ኦክስጅን። አሁን መጽሐፉን ክፈቱና በቀይ እስክሪብቶ አርሙ።

ያቺው የወፍጮ ቤቷ ተማሪዬ ወረቀቷን ስታርም አንድ ስሕተት አገኘች። ኦክስጅኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣ መስሏት ነበር። መጽሐፉ ግን ከውሃ መሰንጠቅ ነው ይላል። ያን ገጽ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ ዓረፍተ ነገሩንም አቅልማዋለች። ሦስት ንባብ ያላሳያትን ቀዳዳ አንድ ባዶ ወረቀት አሳያት። ቀዩ ምልክት የወደቃችሁበት አይደለም፤ ነገ የምትጀምሩበት ቦታ ነው። የሚታወቀውን ማጥናት ትታችሁ ቀዩን ብቻ ስታጠኑ ሰዓታችሁ ራሱ ይረዝማል።

የቋንቋውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍቶቻችን በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ብዙ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን የሚሸመድደው ስላልገባው ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ስትዘጉ መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አስረዱት። ለታናሽ ወንድማችሁ እንደምትነግሩ አድርጉት፤ ባይኖር ለግድግዳው ንገሩት። በራሳችሁ ቋንቋ መናገር ያቃታችሁ ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። ከገባችሁ በኋላ በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ፈተናው በሱ ነውና።

ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ዘዴው ትንሽ ይለያል። የተሠራ ጥያቄን በዓይን ተከትሎ «ገባኝ» ማለት ትልቁ ወጥመድ ነው። መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ ለ5 ደቂቃ ታገሉት፤ አንድ መስመር ብቻ ገልጣችሁ እንደገና ሸፍኑ። ደግሞም ከአንድ ምዕራፍ ብቻ 20 ጥያቄ በተከታታይ አትሥሩ። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ የትኛውን ቀመር እንደምትጠቀሙ ስለምታውቁት እጃችሁ እንጂ ጭንቅላታችሁ አይሠራም። ከአምስት ምዕራፍ ሁለት ሁለት ቀላቅላችሁ ሥሩ፤ ብሔራዊ ፈተናው ቀላቅሎ ነው የሚያመጣው፣ «ይህ ከምዕራፍ 4 ነው» ብሎም አይነግራችሁም። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ለሰኔ አታስቀምጡ፤ ምዕራፉን እንደጨረሳችሁ የሱን ጥያቄዎች ፈልጋችሁ ሥሩ፤ አንድ ሙሉ ፈተና ብቻ ሳትነኩ ለመጨረሻው ወር በሰዓት ለመፈተኛ አቆዩ።

ሳይረሳ ተመለሱ

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ላይ ያደረገውን ሙከራ ዘርዝሯል። ትርጉም የሌላቸውን የድምፅ ጥምሮች በቃሉ ያጠናና ምን ያህሉ እንደጠፋው ይለካ ነበር። አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከማጥናት አምስቱን ሰዓት በሳምንታት ማራራቅ እንደሚሻል በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች አጽንተውታል። ጥቅምት 3 ያጠናችሁትን ጥቅምት 4 ለ5 ደቂቃ በባዶ ወረቀት ሞክሩት፤ ጥቅምት 10 እንደገና፤ ኅዳር 3 ሦስተኛ። ይህን በጭንቅላት መያዝ አይቻልም፤ ስለዚህ የጫማ ካርቶን አምጡ።

ዘዴው የኦስትሪያ ተወላጁ ሰባስቲያን ላይትነር በ1972 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ ያስተዋወቀው ነው። የተረፈ ደብተር ገጽ አራት ቦታ ቅደዱ። በአንዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ፦ «በፎቶሲንተሲስ ኦክስጅኑ ከየት ይወጣል?» ካርቶኑን በወፍራም ወረቀት አምስት ክፍል አድርጉት። አዲስ ወረቀት ሁሉ አንደኛው ክፍል ይገባል። ስትመልሱት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ከተሳሳታችሁ የትም ይሁን ወደ አንደኛው ይመለሳል። አንደኛውን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በሦስት ቀን፣ ሦስተኛውን በሳምንት፣ አራተኛውን በሁለት ሳምንት፣ አምስተኛውን በወር አንዴ ትጎበኛላችሁ። ስልክ ላይ ይህን የሚሠራ መተግበሪያ አለ፤ አንኪ ይባላል፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ካርቶኑን እመርጣለሁ። ካርቶን ውስጥ ቲክቶክ የለም።

ስልክ፣ መብራት፣ እንቅልፍ

ስልኩን ማጥፋት አይበቃም፤ ከክፍሉ ይውጣ። ለእናታችሁ ስጧት፤ እሷ ደስ ይላታል። «ዲክሽነሪ እፈልግበታለሁ» ካላችሁ የማታውቋቸውን ቃላት በወረቀት ላይ አጠራቅማችሁ መጨረሻ ላይ በአንዴ ፈልጓቸው።

መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሥራ አስቀድማችሁ መድቡ። ለምሳሌ መብራት የጠፋበት ሰዓት ድምፅ አውጥቶ የማስረዳት ሰዓት ይሁን፤ ለሱ ብርሃን አያስፈልግም። የቆሎ ተማሪም የቃል ትምህርቱን የሚቀጽለው በጨለማ ነበር።

እንቅልፍ ላይ ግትር ነኝ። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ቀን የተጠናውም ጭንቅላት ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ከፈተና በፊት ሌሊቱን የሚያነጋ ልጅ ያጠናውን ራሱ ያፈስሰዋል። ጫቱንም ሳልጠራው አላልፍም፤ «ለጥናት ነው» ተብሎ እንደሚጀመር ሁላችንም እናውቃለን። በምርቃናው ሰዓት ሁሉም የገባ ይመስላል፤ እንቅልፉን ግን ይሰርቃል፤ በማግስቱ ደግሞ ያው ሰው ያለ ጫት መጽሐፍ መግለጥ ያቅተዋል። የጥናት ልማዳችሁን ከሱ ጋር አታጋቡት።

ሲሰበር

ይሰበራል። ለቅሶ ይኖራል፣ ሠርግ ይኖራል፣ ጉንፋን ይይዛችኋል፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት አይሆንላችሁም። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን አንድ አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ተከታትለው ነበር። ልማዱ ሳያስቡት የሚሆን እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጀ፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ግን ያን ያህል አልጎዳቸውም። መስከረም 10 ብትጀምሩ 66ኛው ቀን ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢከብዳችሁ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ገና ስለሆነ ነው።

እኔን የጣለኝ መስከረም 7 አልነበረም፤ መስከረም 8 ነው፣ የሁለት ቀን ሥራ የደረብኩበት። ስለዚህ ያመለጠውን በማግስቱ አትደርቡ፤ ወደ ዕዳው ቀን ይሂድ። በማግስቱ የተለመደውን ብቻ ሥሩ። በጣም የጨነቀ ቀን ከሆነ ደግሞ ከካርቶኑ አምስት ወረቀት አውጥታችሁ መልሱና ተኙ፤ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ያ ቀን ተሠርቷል ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሁለት ቀን በተከታታይ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ጠብቁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደጋግሞ የሚሰበር ሰዓት ካለ ግን ጥፋቱ የሰዓቱ ነው፤ ቀይሩት። ሠንጠረዡን በእርሳስ ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ካላልኩም አሁን ብያለሁ። ግድግዳ ላይም አትለጥፉት። ደብተር ውስጥ ይግባ፤ ስትሰርዙት ማንም አያያችሁም።

ጓደኛ ካላችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ተገናኙ፤ ግን አብራችሁ ለማንበብ አይሁን። እያንዳንዱ አምስት ጥያቄ ጽፎ ይምጣና ተጠያየቁ። አራት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ማኅበር ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ለልጃቸው ብለው ለሚያነቡ አባቶችና እናቶች አንድ ልመና አለኝ። ልጅዎ፣ በተለይ ሴት ልጅዎ፣ «ከምሳ ዕቃ በኋላ 40 ደቂቃ አትጥሩኝ» ብትልዎት ስንፍና አድርገው አይውሰዱባት። ወንድሟም ወፍጮ ቤት መሄድ ይችላል። በዚያች ሰዓት አይላኳት፤ ቡናውም ትንሽ ይቆይ።